«ከማኅበር ብወጣ ኃጢአት ይሆንብኛል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። የ12 ሚካኤል፣ የ21 ማርያምና የ27 መድኃኔዓለም ማኅበር እጠጣለሁ። ሰንበቴ፣ ሁለት ዕድርና የሕንጻ ኮሚቴም አለብኝ። ሰቃ በኩል ትንሽ የቡና ማሳ አለን። ማታ ስገባ ልጆቼ ተኝተው ነው የማገኛቸው፤ ከቆረብኩም ቆይቻለሁ። አንዱን ብተው ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይሆንብሽም። አወጣጡ ግን ሥርዓት አለው።

አስቀድመሽ ግዴታሽን በፈቃድሽ ከገባሽበት ለዪ። አጽዋማቱ፣ ቅዳሴው፣ ንስሐና ቅዱስ ቁርባን፣ የዘወትር ጸሎት ግዴታ ናቸው፤ ልጆችሽም አደራ ናቸው። ጽዋ ማኅበር መልካም ነው፤ የገባሽው ግን በፈቃድሽ ነው። አሁን ግዴታው ቀርቶ በፈቃድሽ የገባሽበት ቀጥሏል። ለምን ቢባል፣ ከዕድር ብትቀሪ ትቀጪያለሽ፣ ከማኅበር ብትቀሪ ሙሴው (የማኅበሩ መሪ) ይጠይቅሻል፤ የሠርክ ጸሎት ብታስታጉዪ ግን ደጅሽን የሚያንኳኳ የለም። ጊዜ ሲያጥር መቀጫ የሌለው ነገር ቀድሞ ይወድቃል። ብዙ ምእመናን ከቁርባን የሚርቁት በዚህ መንገድ ነው፤ ሃይማኖት ጠልተው አይደለም።

ወረቀት ያዢና ከ1 እስከ 30 ያሉትን ቀናት ጻፊ። ሦስቱ ማኅበር ብቻ በዓመት 36 ቀን ይወስዳሉ። ተረኛ የምትሆኚበትን ደግሞ እንደ አንድ ቀን አትቁጠሪው፤ ጌሾው ተወቅጦ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣ ቤቱ ተሰናድቶ ሳምንቱ ያልቃል። ይህን ሳይቆጥሩ ነው «አንድ ቀን ምን አላት» የሚባለው።

የቡና ባለቤት ነሽና ጉንደላን ታውቂዋለሽ። ያረጀው ግንድ ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆረጣል፤ ውኃ አቁሮ እንዳይበሰብስም ሰያፍ ይደረጋል። ከዚያ ዙሪያውን ብዙ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል፤ ሁሉም ለምለም፣ ሁሉም ደስ የሚል። አሳዝነውት ሁሉንም የተወ ሰው ቅጠል እንጂ ፍሬ አይለቅምም። ጠንካሮቹን 2 ወይም 3 ትቶ ሌላውን መንቀል ነው። የሚነቀለውም ቀንበጥ ጤነኛ ነው፤ ስለከፋ አይደለም የሚነቀለው።

ሲራክም በምዕራፍ 11 ልጁን ሥራ እንዳያበዛ ይመክረዋል። ሐዋርያትም ማዕዱ ቃሉን ሲያስታጉላቸው 7 ዲያቆናት መርጠው አስረከቡ (ሐዋ. 6)። ማዕዱን ሜዳ ላይ አልጣሉትም፤ ይህን ልብ በዪ።

አንቺም ተረኛ ሳለሽ አትውጪ። ድግስሽን ደግሰሽ፣ ጽዋውን ለሚቀጥለው ካስረከብሽ በኋላ ለሙሴው ፊት ለፊት ንገሪ። ተራው ሲደርስ ጠፍቶ መቅረት ነው ቅያሜ የሚያመጣው። ሁለቱ ዕድር የአንድ ሰፈር ከሆኑ አንዱ ይበቃሻል፤ ያዋጣሽው ምን እንደሚሆን ግን አስቀድመሽ ደንቡን እይ። ከኮሚቴው ስትወጪም ሰነዱንና ደረሰኙን በፊርማ አስረክቢ። ሁሉንም በአንድ ቀን በምሬት አትጣዪ፤ እንዲያ ያደረገ ሰው ኅሊናው ሲወቅሰው ሁሉንም መልሶ ይሸከማል።

አንድ ነገር ይለያል። «ልጅ ብትሰጠኝ ማኅበርህን እጠጣለሁ» ብለሽ ተስለሽ የገባሽበት ካለ እርሱ ስእለት ነውና በራስሽ ፈቃድ አትተዪው፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀርም ከእርሳቸው ጋር ወስኚ።

ይህን መስከረም ላይ ብትጨርሺው መልካም ነው። ጥቅምት ላይ ለቀማው ይጀምራል፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ቡናው ገና ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው። ነጻ በሚወጣው ቀን ሌላ ሰው ሳይቀድምሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ቀጠሮ ያዢበት።