ገመዱ የት ይታሰር?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የአንድ ሆቴል መስታወት ከውጭ ነው የማጸዳው፣ 6 ፎቅ ነው። ገመዱን ጣሪያ ላይ ካለው የውሃ ታንከር ብረት ጋር አስራለሁ፣ ወገቤ ላይ ቀበቶ አለኝ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ! የወገብ ቀበቶ ስትወድቅ ሆድህንና አከርካሪህን ነው የሚጎዳው፣ ትከሻና ጭን የሚይዝ ሙሉ ሃርነስ ግዴታ ነው። የታንከሩ ብረት ደሞ ውሃ እንዲሸከም እንጂ የሚወድቅ ሰው እንዲይዝ አልተሰራም፣ የአሜሪካ የስራ ደህንነት ህግ እንኳን ማሰሪያው ለአንድ ሰው ከ2,200 ኪሎ በላይ እንዲችል ነው የሚለው። ባለቤቱን ከጣሪያው ጠርዝ ስር ሃዲድ ያስገጥም በለው፣ ገመድህ የሚታሰርበት፣ ሃዲዱ ላይ የሚሄደው ትሮሊ (ባለጎማ ማያዣ) አብሮህ ወደ ጎን ስለሚንሸራተት በየመስኮቱ እየፈታህ አታስርም። እስከዛ የቱ ኮለን (የህንጻው ምሰሶ) እንደሚችል ኢንጂነር አይቶ ሳይነግርህ እንዳትወርድ፣ ገመዱም ሁለት ይሁን፣ አንዱ የምትሰራበት አንዱ የሚያተርፍህ፣ ለየብቻ የታሰሩ።