ሌላውን ጉንጭ ማዞር ዝም ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው በአትላንታ ነው። የ16 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤት ለጥቁር አሜሪካውያን እኩልነት የታገለውን የማርቲን ሉተር ኪንግን ታሪክ ተምሮ መጣና «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሲመቱህ ሌላውን ጉንጭ አዙር ትላለች። እነዚያ ሰዎች ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ እዚህ እንኖር ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አሁን ደግሞ ዘረኝነትን በሚቃወም ሰልፍ ልውጣ ይላል፤ ሰልፉም እሑድ ነው። እኔ ለባለ ሥልጣናት ተገዙ የሚለውን ሮሜ 13ን እያሰብሁ እፈራለሁ። ክርስቲያን ሕግን መቃወም ይችላልን? ሰውየውስ የእኛን እምነት የማይከተል ሆኖ ሳለ አርአያ ሊሆነን ይገባልን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከጉንጩ እንጀምር። በማቴዎስ 5፥39 የተጻፈውን ቃል ብዙዎቻችን «ተመታህ? እንግዲያው ዝም በል» ብለን እንረዳዋለን። ቃሉን የተናገረው ጌታ ግን በሊቀ ካህናቱ ፊት ሎሌው በጥፊ ሲመታው ዝም አላለም። «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው (ዮሐ. 18፥23)። እጁን አላነሣበትም፣ አልሰደበውም፤ ነገር ግን በደሉን ፊት ለፊት ጠየቀው። ሌላውን ጉንጭ የሚያዞር ሰው አልሸሸም፤ ከመታው ሰው ፊት እንደ ቆመ ነው። ይህን ጥቅስ እየጠቀሱ የተበደለን ሰው አፍ የሚያስይዙ ሰዎች ጌታ ያላለውን በጌታ ስም ይናገራሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ለልጅዎ እንዲነግሩልኝ የምሻው አንድ ሌሊት አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 30 ቀን 1956 ነበር። በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች መቀመጫ ለነጭ ልቀቁ በሚባሉባቸው አውቶቡሶች አንሳፈርም ብለው በእግር መሄድ ከጀመሩ ሁለተኛ ወራቸው ነው። የ27 ዓመቱ ኪንግ በስብሰባ ላይ ሳለ ቤቱ በቦንብ ተመታ። ባለቤቱና የሦስት ወር እንኳ ያልሞላት ልጁ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ እግዚአብሔር አተረፋቸው። ደርሶ ሲያይ ደጁ በተቆጣ ሕዝብ ተሞልቷል፤ መሣሪያ የያዘም ነበረበት። በፈረሰው በረንዳ ላይ ቆመና መሣሪያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ጠላቶቻችንን መውደድ አለብን አላቸው። ሕዝቡም ተበተነ። አስተውሉ፤ ወደ ቤታችሁ ግቡ አለ እንጂ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ አላለም። በማግስቱም በእግራቸው ሄዱ፤ 381 ቀን ሄዱ፤ አውቶቡሶቹ ለሁሉም እኩል እንዲሆኑ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪወሰንና ውሳኔው እስኪፈጸም ድረስ።

እንዲህ ያለ ትዕግሥት በአንድ ቀን አይገኝም። እኛ ዐቢይ ጾምን ያለ ዘወረደ እንደማንጀምረው ሁሉ እነርሱም ሳይዘጋጁ አደባባይ አልወጡም። በናሽቪል ከተማ ጄምስ ላውሰን የተባለ የሜቶዲስት ሰባኪ ተማሪዎችን በቤተ ክርስቲያን ክፍል ሰብስቦ ያለማምዳቸው ነበር። አንዱ ተማሪ እንደ ደንበኛ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ይሰድቡታል፣ ይገፉታል፣ ፀጉሩን ይጎትቱታል፣ የሲጋራ ጭስ ፊቱ ላይ ያቦኑበታል፤ እርሱ ግን አይመልስም። በየካቲት 1960 ለጥቁር ምሳ በማይሸጥባቸው መደብሮች ሄደው ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ የተሰጠው መመሪያ ቢመቱህ አትምታ፣ ቢሰድቡህ አትስደብ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ፊትህን ወደ ባንኮኒው አድርግ ይላል። ልብሳቸው የእሑድ ልብስ፣ በእጃቸው የያዙት መጽሐፍ ነበር። ተደበደቡ፤ ፖሊስም የደበደቡትን ትቶ እነርሱን አሰረ። በግንቦት ወር ባንኮኒዎቹ ተከፈቱላቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በበርሚንግሃም ለሰልፍ የሚወጣ ሁሉ አሥር ትእዛዛት ባሉበት ወረቀት ላይ ይፈርም ነበር። የመጀመሪያው የኢየሱስን ትምህርትና ሕይወት በየዕለቱ አሰላስል ነው፤ ቀጥሎም የምንሻው ፍትሕንና ዕርቅን እንጂ ድልን አይደለም ይላል። ከትእዛዛቱ አንዱን ሳነብ ግን ደንግጬ ቆሜአለሁ፤ ከእጅ፣ ከአንደበትና ከልብ ዓመፅ ራቅ ይላል። እኅቴ፣ እኛ ለንስሐ ስንቀርብ ኃጢአታችንን በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር (በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ) ብለን የምንናዘዘው ይኸው አይደለምን? ዱላ አለማንሣት የመጨረሻው ደረጃ አይደለም፤ ገና መጀመሪያው ነው። አንደበትና ልብ ይቀራሉ።

ሮሜ 13ን በተመለከተ፣ ሐዋርያው ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነው ያለው እውነት ነው። ያው ሐዋርያ ግን በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ገርፈው አስረው በማግስቱ በስውር ሂድ ሲሉት እምቢ አለ፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ (ሐዋ. 16፥37)። ኪንግም በበርሚንግሃም ሰልፍን የከለከለ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በደረሰው ጊዜ ለታሰሩት ዋስ የሚሆን ገንዘብ አልቆ ነበር። ብቻውን ወደ ሌላ ክፍል ገብቶ ጸለየ፤ የሥራ ልብስ ለብሶ ወጣና ሰልፉን መርቶ ታሰረ። ቀኑ ስቅለት ነበር፤ በዚያ ዓመት የእኛም ስቅለት በዚያው ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 4 ቀን 1955 ዓ.ም. ነበር የዋለው። ከእስር ቤት በጋዜጣ ጠርዝ ላይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ፍትሕ የጎደለውን ሕግ የሚጥስ ሰው በግልጽ፣ በፍቅርና ቅጣቱን ለመቀበል ፈቅዶ ይጣሰው አለ። ምስክር አድርጎ የጠራቸውም ለናቡከደነፆር ሕግ ያልታዘዙትን ሦስቱን ወጣቶች ነው። እነዚህ እኮ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ናቸው! በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል ከእሳት ያወጣቸውን ሠለስቱ ደቂቅ እያሰብን የምንዘምረው ንጉሡ አዝዞ እነርሱ እምቢ ስላሉ ነው። ንጉሡን አልሰደቡም፣ ከእሳቱም አልሸሹም፤ አልሰገዱም ብቻ።

ደብዳቤው ለማን እንደ ተጻፈ ማወቅም ለእኛ ለመምህራን ይጠቅመናል። ተቀባዮቹ ስምንት የሃይማኖት መሪዎች ነበሩ፤ ሰልፉ ጥበብ የጎደለውና ያለጊዜው ነው፣ ታገሡ ብለው ጽፈው ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እርሱም ስለ ስድስት ዓመት ልጁ ነገራቸው፤ በቴሌቪዥን ያየችው የመዝናኛ ስፍራ ለጥቁር ልጆች ዝግ መሆኑን ስትሰማ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ያ ስፍራ የነበረው እርስዎ በሚኖሩባት በአትላንታ ነው። ሌላውን ታገሥ ከማለታችን በፊት የልጁን እንባ ማየት ይገባናል።

የእኛ እምነት ተከታይ አይደለም ላሉት፣ አዎን፣ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር፤ የሃይማኖት ልዩነታችንንም አላቃልልም። ጌታ ግን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ሳምራዊውን ነው። በመጋቢት 1965 (እንደ አውሮፓውያን) በአላባማ በሴልማ ከተማ የግሪክ ኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ ያኮቮስ ጥቁር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ከኪንግ ጎን ቆመዋል። ለልጅዎ ጥያቄም መልሱ ከዚያው ዓመት ይጀምራል። በነሐሴ የምርጫ መብት ሕግ ጸደቀ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ስደተኛን በትውልድ አገሩ እየለየ ይገድብ የነበረውን ኮታ የሻረው ሕግ ተፈረመ። ብዙ ወገኖቻችን ወደዚያ አገር የገቡት በዚያ በር ነው።

እንግዲህ ልጅዎን አይከልክሉት፤ ነገር ግን ያዘጋጁት። በዚህ ሳምንት ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ «ባያድነን እንኳ» የሚለው ጋ ሲደርስ ያስቁሙትና ምን እንደ ተረዳ ይጠይቁት። ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ድንጋይ የሚወረውር፣ ሱቅ የሚሰብር ቡድን ካየ ወዲያው ተለይቶ ወደ ቤቱ እንዲመጣ ቃል ይግባልዎ። እሑድ ቅዳሴው ይቀድማል፤ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዎን አጣፍተው አብረውት ይውጡ። ማታ ስትመለሱም የሰደበው ወይም የገፋው ሰው ካለ ስለዚያ ሰው አብራችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አድርሱለት።