የስዕል ታብሌታችሁን ጠረጴዛ ላይ ስለማስቀመጥ ጠይቁኝ

ላለፉት 11 ዓመታት በዲጂታል ስዕል ነው የምተዳደረው። የልጆች መጽሐፍ፣ ማስታወቂያ፣ አንዳንዴም አኒሜሽን እሠራለሁ። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ዓመት ቀኝ ትከሻዬን እያሸሁ ነው ያሳለፍኩት፤ ምክንያቱ ደግሞ የጠረጴዛዬ ቁመት ነበር። ስለ ብራሽና ስለ ሶፍትዌር ሌላ ቀን እናወራለን። ዛሬ ስለ አቀማመጥ ብቻ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የምሠራው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ወንበሩ የፕላስቲክ ነው። ትንሽ ከሠራሁ በኋላ ትከሻዬ ያቃጥለኛል። የግድ የቢሮ ወንበር መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ የግድ አይደለም ወንድሜ። መጀመሪያ ይህን ሞክር። ወንበርህ ላይ ተቀመጥ፣ ትከሻህን ልቀቀው፣ ከዚያ ክርንህን እጠፍ። ክርንህ ከጠረጴዛው ገጽ በታች ነው አይደል? የምግብ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ 75 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫ ደግሞ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ እጅህን ታብሌቱ ላይ ለማድረስ ሳይታወቅህ ትከሻህን ሽቅብ ታነሳለህ፤ እንደተነሳ ነው ሰዓታት የምትስለው። ክርንህ ከጠረጴዛው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ እስኪል መቀመጫህን አሳድግ። ብርድ ልብስ አራት ላይ አጥፈህ ተቀመጥበት። ለስላሳ ትራስ አይሁን፣ ያሰምጥሃል። አሁን እግርህ ይንጠለጠላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚተወው። ከእግርህ ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ ወይም ያልተከፈተ የወረቀት እሽግ አስገባ። እግርህ በደንብ ካላረፈ ጫናው ወደ ወገብህ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ታብሌቴ ስክሪን የሌለው ነው፤ በፔን እስልበታለሁ፣ ስዕሉ የሚታየው ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ማውሱ በነበረበት፣ በቀኝ በኩል ነው ያደረግኩት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ወደ መሃል አምጪው እህቴ። ታብሌቱ ከኮምፒውተሩ ስክሪን ፊት ለፊት ይሁን፣ ኪቦርዱን ወደ ግራ ግፊው። በጎን ሲሆን ክንድሽ ወደ ውጭ ይከፈታል፣ መስመርሽም ይጣመማል። መሞከሪያ ልንገርሽ። ዓይንሽ ስክሪኑ ላይ ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ አግድም መስመር ሳታቋርጪ አስምሪ። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሄደብሽ ታብሌቱን ጥቂት አዙሪና ድገሚው። መስመሩ ሲስተካከል ታብሌቱ ያረፈበትን ቦታ በቁራጭ ፕላስተር ጠረጴዛው ላይ ምልክት አድርጊበት። ነገም እዚያው ታስቀምጪዋለሽ።

ጥያቄ፦ ክብ ስስል እንቁላል ይሆንብኛል። ችግሩ እጄ ነው?

መልስ፦ ባዶ የቡና ሲኒ አምጣና ታብሌቱ ላይ ድፋው። በፔኑ ዙሪያውን ተከተል። ስክሪኑ ላይ የወጣው ክብ ካልሆነ እጅህ ጤነኛ ነው፤ የታብሌቱና የስክሪኑ ወርድና ቁመት ናቸው ያልተመጣጠኑት። ድራይቨሩ (ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ሴቲንግ ውስጥ ምጥጥኑን የሚያስጠብቅ ምርጫ አለ፣ እሱን አብራ። ከታብሌቱ ጠርዝ ጥቂት ቦታ መሥራት ያቆማል፣ አያሳስብህ። ሁለት ስክሪን ካለህ ታብሌቱን ለአንዱ ብቻ ስጠው። ይሄ ከአቀማመጥ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን እጅህ ቀኑን ሙሉ የተጣመመ ሲያቃና ከዋለ ይወጠራል።

ጥያቄ፦ ትንሹን ልግዛ ትልቁን?

መልስ፦ ዋኮም የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ኢንቱዎስ ታብሌት፣ የትንሹ መሳያ ቦታ 15.2 በ9.5 ሴንቲሜትር ነው፣ የፖስታ ካርድ ያህል ማለት ነው። ፎቶ ለማስተካከል ይበቃል። ረጅም መስመር ለሚስል ግን በእጅ አንጓ ብቻ ያሠራዋል። ትልቁ ደግሞ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ለኪቦርድ ቦታ አይተውም። እኔ መካከለኛውን እላለሁ፤ ክርንም ትከሻም አብረው ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ ስክሪን ያለው ታብሌት ከገዛሁ ወዲህ አንገቴን አልቻልኩትም። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።

መልስ፦ አምንሃለሁ። ስክሪን በሌለው ስትሠራ ቀና ብለህ ሞኒተር ታያለህ። ስክሪን ባለው ግን የምታየው እዚያው የምትስልበትን ስለሆነ ታቀረቅራለህ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተኸው ከሆነማ ይብሳል። አብሮት የሚመጣው እግር ብዙ ጊዜ 20 ዲግሪ ገደማ ነው የሚያነሳው፤ ለኔ አልበቃኝም። ሰፈራችን ያለ አናጺ ጋ ሄጄ 60 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ጣውላ አስቆረጥኩ። ከኋላው የሚታጠፍ እግር፣ ከፊቱ ጠርዝ ደግሞ ታብሌቱ እንዳይንሸራተት ቀጭን እንጨት አስመታሁ። ንድፍ ስጀምር ወደ 45 ዲግሪ አቆመዋለሁ፣ ጥቃቅኑን ስሠራ ዝቅ አደርገዋለሁ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ በጣም ካቆምከው ክንድህ አየር ላይ ይቀርና የአንገትህ ሕመም ወደ ትከሻህ ይዞራል። አንገትህ ቀና ብሎ ክርንህም የሚያርፍበት ሲያገኝ፣ ያ ነው ያንተ ልክ። በሰው ቁመት ስለሚለያይ የኔን ቁጥር አትቅዳ፤ ጥቂት ቀን እየቀያየርክ ሞክር።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ይደነዝዙብኛል። ፔኑ ይሆን?

መልስ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይሄን ግን ሐኪም ይይልሽ፣ አታቆዪው። በአውራ፣ በሌባና በመሃል ጣት ላይ ሌሊት የሚመጣ መደንዘዝ በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን የሚታይ ምልክት ነው። የሚደነዝዙት ትንሿና የቀለበት ጣት ቢሆኑ ኖሮ፣ ክርንሽን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ታስደግፊ እንደሆነ እጠይቅሽ ነበር። እስከዚያው አያያዝሽን እዪ። ስትስዪ የሌባ ጣትሽን ጥፍር ተመልከቺው፤ ከነጣ ፔኑን አንቀሽዋል ማለት ነው። ድራይቨሩ ውስጥ የፔን ጫና ማስተካከያ አለ። ወደ ለስላሳው ውሰጂው፣ በትንሽ ንክኪ ወፍራም መስመር ይሰጥሻል። ፔኑ ቀጭን ከሆነ ስፖንጅ ጠቅልይበት።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ አልጋ ላይ በሆዷ ተኝታ ነው የምትስለው። ብናገር ብናገር አልሰማ አለችኝ።

መልስ፦ አይቆጧት እናቴ። ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ልጅ ሲሆን ደረቷ ጋ ይደርሳል፣ ለዚያ ይሆናል የምትሸሸው። ጉልበቷ ከሥሩ የሚገባ ከሆነ የሳሎኑን አጭር ጠረጴዛ ከበርጩማ ጋር ይሞክሩላት።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ።

መልስ፦ ድራይቨሩ ላይ ለግራኝ የሚለውን ምረጥና የታብሌቱ የላይኛው ጠርዝ ወደ አንተ እንዲመጣ አዙረው፤ ቁልፎቹ በቀኝ ይሆኑልሃል። ኪቦርዱም ወደ ቀኝ ይሂድ።

ጥያቄ፦ በየስንት ሰዓቱ ልረፍ?

መልስ፦ በሰዓት አይደለም፣ በደቂቃ ነው። ለዓይን የሚመከረው በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ማየት ነው። ለእጅና ለወገብ ደግሞ እኔ በየ40 ደቂቃው ስልኬ ይጮሃል፤ እነሳና በረንዳ ደርሼ እመለሳለሁ። ሥራ ማስረከቢያ የደረሰ ቀንም አልዘለውም፣ ያን ቀን ነው እጄ ይበልጥ የሚደክመው።

ጥያቄ፦ መስኮቱ ከኋላዬ ነው፣ ስክሪኑ ያንጸባርቃል። ሶኬቱ ግን ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።

መልስ፦ ማከፋፈያ ግዛና ጠረጴዛውን አዙረው፣ መስኮቱ በጎንህ ይሁን። ነጸብራቁን ለመሸሽ ቀኑን ሙሉ አንገትህን አጣመህ ነው የምትቀመጠው። ማታ ደግሞ ክፍሉን አጨልመህ አትሥራ። ከስክሪኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ የሚያርፍ ትንሽ መብራት አብራ። የማከፋፈያውን ገመድ በግድግዳው ጥግ አሳልፈው፣ እግርህ እንዳይጠልፈው።