ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሌሊት እጄ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል

ጥያቄ፦ የ32 ዓመት ሴት ነኝ። ከወለድኩ አራት ወር ሆኖኛል። ሌሊት ቀኝ እጄ እየደነዘዘና እየወረረኝ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ተነስቼ ሳራግፈው ይተወኛል። ቀን ደግሞ ልጄን ሳነሳ በአውራ ጣቴ በኩል አንጓዬን በጣም ያመኛል። የደም ዝውውር ችግር ነው ያሉኝ አሉ። ማስታገሻ ብወስድም ለውጥ የለም። ኦፕሬሽን ያስፈልገኝ ይሆን?

መልስ፦ የጻፉልኝ ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን ይመስላል። ሁለቱም የደም ዝውውር ጉዳይ አይደሉም። እንደ እርስዎ ከወሊድ በኋላ ሲመጡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኦፕሬሽን ይሻላቸዋል።

ከሌሊቱ ልጀምር። ዛሬ ሲቀሰቅስዎት የደነዘዙት የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ያስተውሉ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ጎን ደንዝዘው ትንሿ ጣት ደህና ከሆነች፣ ካርፓል ተነል ሲንድሮም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የእነዚህ ጣቶች ነርቭ አንጓ ላይ ሲደርስ ከዘጠኝ ጅማቶች ጋር ተጣቦ ያልፋል። ከሥሩ አጥንት ነው፤ ከላዩ ደግሞ የማይለጠጥ ጠንካራ ማሰሪያ አለ። እዚያ ውስጥ ትንሽ እብጠት ከመጣ የሚጨነቀው ነርቩ ነው። በእርግዝናና በወሊድ ሰሞን ሰውነት ውሃ ስለሚይዝ ይህ የተለመደ ነው። የስኳር ሕመምና የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ያመጡታል። ሌሊት የሚብሰው እጃችንን አጥፈን ስለምንተኛ ነው። ትንሿ ጣት ብቻ ከደነዘዘች ግን ነርቩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ክርን ላይ ነው።

ታዲያ ምን ያድርጉ? አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት ገዝተው ማታ ማታ ያድርጉ። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይታገሱ። ፋሻ ጠምጥሞ ማጥበቅ ምትክ አይሆንም፤ እንዲያውም ነርቩን ይጫነዋል። ማስታገሻው ያልሠራልዎት አይግረምዎት። የሚዋጡት ማስታገሻዎች ለዚህ ችግር እምብዛም አይረዱም። በስፕሊንት ካልተሻለ እብጠትን የሚቀንስ የስቴሮይድ መርፌ አለ፤ ለወራት ሊያሳርፍ ይችላል፣ ግን ሊመለስም ይችላል።

ኦፕሬሽን የሚመጣው ድንዛዜው ቀንም ሌሊትም አልለቅ ሲል፣ ዕቃ ከእጅ ሲወድቅ፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት ነው። ሁለቱን መዳፎችዎን ጎን ለጎን አድርገው ይዩ። በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ በአንዱ ከሟሸሸ ቀጠሮ አያራዝሙ፤ ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጨነቀ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ኦፕሬሽኑ ራሱ ቀላል ነው። እጅ ብቻ በማደንዘዣ ደንዝዞ ከነርቩ በላይ ያለው ጠንካራ ማሰሪያ ይከፈታል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባሉ። የመጨበጥ ጉልበት ለመመለስ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። ይህን ቀድመው ይወቁት።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ። አውራ ጣትዎን በሌሎቹ ጣቶች ውስጥ ጨብጠው እጅዎን ቀስ ብለው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያዘንብሉ። ጤነኛ እጅም ትንሽ ይወጠራል፤ ስለዚህ ከሌላኛው ጋር ያስተያዩ። አንጓው ላይ ወግቶ ካስጮኸዎት ደ ኬርቫን የሚባለው የጅማት ሽፋን ችግር ነው። ሕፃን በሚያነሱ እናቶች ላይ የተለመደ ነው። ጥፋቱ ልጁን በብብቱ ይዘን አውራ ጣታችንን ወደ ላይ ገትረን ማንሳታችን ላይ ነው። መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው አንዱን እጅ ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላውን ከጀርባው ሥር አስገብተው ያንሱት። ይህን ብቻ በማስተካከል የሚሻላቸው አሉ። እዚህ ላይ አውራ ጣትንም የሚይዝ ስፕሊንት ነው የሚያስፈልገው፤ የሌሊቱ ዓይነት አይበቃም። ካልተሻለ አንድ የስቴሮይድ መርፌ ለብዙዎች በቂ ነው። ማሸት ግን ይቅርብዎት፤ የተቆጣን ጅማት ይበልጥ ማስቆጣት ነው።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ ተደግፎ ወድቆ ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ስትነካ የምታም ከሆነ፣ ራጁ ደህና ነው ቢባልም አይዘናጉ። በዚያ ቦታ ያለች ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ መጀመሪያ ላይ ላትታይ ትችላለች። እጁ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በድጋሚ መታየት አለበት።

እርስዎ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የደምዎ ስኳርና ታይሮይድ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። ጡት የሚያጠቡ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩ፤ የሚታዘዘው መድኃኒት በዚያ ይወሰናል።