ጠጠሩ ወጣ፣ ቱቦውስ? — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰፊ ቁስል ሳይከፈት ስለሚሠሩ የኩላሊትና የፕሮስቴት (ከወንዶች ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ) ሕክምናዎች ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ።

ከደሴ፦ «የኩላሊት ጠጠሬ በጨረር ይሰበራል ተባልኩ። ካንሰር አያመጣብኝም?»

በልማድ «ጨረር» እንለዋለን እንጂ ጠጠሩን የሚሰብረው ከሰውነት ውጭ ተነሥቶ ጠጠሩ ላይ የሚያርፍ የድምፅ ሞገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ውስጥ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የታከመበት። የጠጠሩን ቦታ ለመለየት ግን ራጅ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ኩላሊት ውስጥ ያለው ጠጠር ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው በጀርባ በኩል 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ከፍቶ፣ እየሰባበሩ ማውጣት ነው።

ከኮምቦልቻ፦ «ጠጠሬ በሽንት ቧንቧ በኩል በሌዘር ተፈጭቶ ወጣልኝ። ቱቦ ስላስቀመጥንልህ ተመለስ ብለውኝ ነበር። ደኅና ስለሆንኩ አምስት ወር ሙሉ አልሄድኩም።»

ወንድሜ፣ ነገ ሳይሉ ዛሬ ይሂዱ! ቱቦው ለስላሳ ነው፤ ሁለቱም ጫፎቹ እንደ ቀለበት የተጠቀለሉ ናቸው፣ አንዱ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ። የተቀመጠው የቧንቧው እብጠት እስኪወርድ ሽንት እንዳይታገድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይበቃዋል። ሲቆይ፣ ውሃ ሲፈላበት የኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ እንደሚጋገርበት ሁሉ ቱቦውም ጠጠር ይለብሳል። በጊዜው ቢሆን በደቂቃዎች ተስቦ የሚወጣው ያን ጊዜ ሌላ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል፤ ኩላሊትም ምንም ሳያም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አለማመሙ አያዘናጋዎት። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ቱቦው የሚወጣበትን ቀን ካርዱ ላይ በትልቁ ጽፎ መስጠት የሐኪሙ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። በቃል ብቻ የተነገረ ቀጠሮ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሳይወርዱ ይረሳል።

ከቦሩ ሜዳ፦ «የ74 ዓመቱ አባታችን ፕሮስቴታቸው በሽንት ቧንቧ በኩል ይፋቅ ተብሏል። ወንድነታቸውን ያጣሉ ብለን ፈራን፤ ለእሳቸውም አልነገርናቸውም።»

መጀመሪያ ይንገሯቸው፤ ገላው የእሳቸው ነው። የብልት መቆም በአብዛኛው አይነካም። የሚለወጠው የዘር ፈሳሹ ነው፤ ወደ ፊኛ ይመለስና ከሽንት ጋር ይወጣል። ጉዳት የለውም፤ ገና ልጅ የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ካቴተሩ (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) ጥቂት ቀናት ይቆያል፣ ሽንቱም ለጊዜው ደም ሊቀላቅል ይችላል። ሆዳቸው ላይ ቁስል ስለሌለ ድኛለሁ ብለው ጆንያ እንዳያነሡ! ውስጡ እስኪጠግግ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። የተፋቀው ሥጋ ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ የሥጋ) ምርመራ መላኩንም ይጠይቁ።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ «ቢራ ጠጠር ያወርዳል?»

አያወርድም። በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት የሚያሸና ውሃ ይጠጡ። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል፤ ቢራ ጠጥቼ ወረደልኝ የሚለው ሰው የወረደለትም በዚሁ ምክንያት ነው።