ስለ እናትሽ እግር፦ ከራሴ እግር ያየሁት

አብሽሪ እህቴ። ከኮምቦልቻ የጻፍሽውን አነበብኩት። እናትሽ ስኳር ከያዛቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ማታ ማታ እግራቸው እንደ ፍም እየለበለባቸው ቀዝቃዛ ውሃ ሳፋ ውስጥ ነክረው ይቀመጣሉ፣ ጎረቤት ደግሞ «በሙቅ ውሃና በጨው ይዘፍዘፉት» ይላል፤ የቱ ይሻላል ነው ጥያቄሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደሴ አራዳ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስኳሩ ከያዘኝ 14 ዓመት፣ እግሬ ማቃጠል ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆነው። መልሴ ሁለቱም ይቅርባቸው ነው።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። አንድ ቀን ሲንጀር የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። አሱር ደረሰና ውዱእ ላደርግ ካልሲዬን ሳወልቅ አልወጣም አለኝ። ሳብ አደረግኩት፣ አሁንም ያዘው። ጎንበስ ብዬ ሳይ የተሰበረ የመኪና መርፌ በነጠላ ጫማዬ አልፎ፣ ካልሲውን ከውስጥ እግሬ ጋር ሰፍቶታል! ደሙ ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ እግር ነው መርገጫውን ስረግጥ የዋልኩት። ሌሊት አንሶላ ሲነካው የሚያስጮህ እግር፣ ቀን መርፌ ሲገባበት አይሰማውም ብሎ ማን ያስባል? ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ የተጎዳው ነርቭ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ መጮህ ሲገባው ደግሞ ዝም ይላል። ስለዚህ እናትሽ የውሃውን ሙቀት በእግራቸው መለካት አይችሉም። ቆዳው ተልጦ ነው የሚያዩት። ከሰል ማንደጃ አጠገብ እግር መዘርጋትም ያው ነው። ቀዝቃዛውም ቢሆን ሲቆይ ቆዳውን አርሶ ያላላዋል፣ በጣቶች መሃል ይሰነጠቃል። በጣም ሲያቃጥላቸው ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ጣል አድርገሽ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ።

እኔን የሚያብሰኝን ልንገርሽ። ሌሊት ሁሌም ይብሳል፤ ቀን ሥራና ወሬ ያስረሳል፣ ሌሊት አንቺና እግርሽ ብቻ ናችሁ። የብርድ ልብስ ክብደት ያብሰኛል፤ ስለዚህ እግርጌ በኩል ካርቶን አስገብቼ ብርድ ልብሱ እግሬን እንዳይነካው አድርጌያለሁ፣ ሚስቴ ትስቃለች። ጠባብ ካልሲም እንደዚያው። የሙያዬን ልስጥሽ፤ ካልሲውን ገልብጣችሁ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጉት፣ ላስቲኩን ሁለት ሦስት ቦታ ቆረጥ አድርጉለት፣ ቀለሙ ነጭ ይሁን። ነጭ ካልሲ ደም አይደብቅም። ጫት ቤት እግር አጥፎ ሰዓታት መቀመጥም እኔን ጎድቶኛል፤ ነርቩ ይታፈናል፣ ከጫቱ ጋር የሚወርደው ለስላሳ ደግሞ ስኳሩን ይሰቅለዋል። ረመዳን ላይ የሚብሰኝም ከመግሪብ በኋላ በማወርደው ተምር፣ ሳምቡሳና ጭማቂ ነው፤ ጥፋቱን በጾሙ አላሳብብም።

አንድ ነገር ግን እንዳያስደነግጣችሁ። ኢንሱሊን ስጀምር የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራዬ ከ11 ወደ 7 ተኩል ወረደ፣ እግሬ ግን በዚያው ሰሞን ከበፊቱ ባሰበት። መርፌው ነው ብዬ ላቆም ነበር። ለካ ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ሕመሙ ለጊዜው የሚብስበት ሁኔታ አለ። ወራት ፈጅቶ ረገበልኝ። እንዲህ ከሆነባቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ እንጂ መድኃኒት እንዳያቋርጡ።

ሌላው ቢ12 የሚባለው ቪታሚን ነው። እናትሽ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ለዓመታት ከወሰዱ ሊያንሳቸው ይችላል፤ ማነሱ ብቻውን እግር ያደነዝዛል። ቢ12 ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ላይ እንጂ ሽሮ ላይ የለም፣ የኛ ቤት ደግሞ በዚህ ኑሮ ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ነው። ተመርምሬ አንሶ ተገኘና መርፌ ታዘዘልኝ፤ ማቃጠሉ ባይጠፋም መደንዘዙ ቀነሰ። ዝም ብሎ መድኃኒት ቤት ገብቶ «የነርቭ መርፌ ስጡኝ» ማለት ግን ሌላ ነው። እነዚያ ድብልቅ ቪታሚኖች ቢ6 አለባቸው፣ ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ማስታገሻውን በተመለከተ ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ለእኔ ምንም አልሠሩም። ዲክሎፌናክ እንዲያውም ለኩላሊት አደገኛ ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊቱን መጠበቅ አለበት። የረዳኝ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የነርቭ ሕመም የሚያስታግስ ክኒን ነው፣ ከ25 ሚሊግራሟ ግማሽ፣ ማታ። መጀመሪያ ላይ አፌን አደረቀኝ፣ ጠዋት እንደ ሰከረ ሰው አደረገኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሌሊቱን ተኝቼ አደርኩ፣ አልሐምዱሊላህ። የልብ ሕመም ወይም የዓይን ግፊት ካላቸው አስቀድመው ይናገሩ፤ ላይስማማቸው ይችላል፣ ጋባፔንቲንና ሌሎችም አሉ። ሰው ለስኳር ይረዳል ብሎ የሚጠጣውን አብሽ እኔም እጠጣዋለሁ፣ የታዘዘውን ክኒን ግን አልተውኩም።

ሁሉም የእግር ሕመም ከስኳር አይደለም። ከወገብ ጀምሮ በአንድ እግር ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ። ነጣ ብሎ ሲነካ የማይሰማ ቆዳ ካለ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፣ በመድኃኒት ይድናል፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከጥንት የሚታወቀው በዚሁ ሕክምና ነው። ቁስል፣ የጠቆረ ጣት፣ ወይም አንዱ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

ያ የስፌት መርፌ ከወጋኝ ወዲህ ውዱእን መፈተሻዬ አድርጌዋለሁ። ሳጥብ ውስጥ እግሬን በእጄ እዳስሳለሁ፣ በየጣቶቹ መሃል አደርቃለሁ፤ ቫዝሊን ተረከዝ ላይ እንጂ ጣት መሃል አልቀባም። ጫማ ከማጥለቄ በፊት እጄን ከትቼ አያለሁ፣ ቤት ውስጥም ባዶ እግሬን አልሄድም። እናትሽ ጎንበስ ማለት ካቃታቸው አንቺ እዪላቸው። ዛሬ ማታ ከመተኛታቸው በፊት የስልክሽን መብራት አብርተሽ ውስጥ እግራቸውንና ተረከዛቸውን ደህና አድርገሽ እዪና፣ ያየሽውን ጻፊልኝ።