«ልጄ መጠጥ ጀመረ፤ አንጎሉን ኤም አር አይ ላስነሳው?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የ17 ዓመት ልጅሽ ከከለር ዴይ ሰክሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀማምሶ ይመጣል። አንድ ሰው ደግሞ «የጠጪ ልጅ አንጎል» ብሎ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ፎቶ ላከልሽ። አሁን ተበድረሽም ቢሆን ልታስነሺው ነው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ኤም አር አይ ክፍል ነው የምሠራው። ለዚህ ብለሽ አታስነሺው።

የለጠፍሽው ፎቶ እኮ ኤም አር አይ አይደለም። ስፔክት የሚባል ሌላ ምርመራ ነው፤ በደም ሥር ትንሽ ጨረር ያለው መድኃኒት ተሰጥቶ የደም ፍሰት ይለካበታል። ኮምፒውተሩ ፍሰቱ ከተወሰነ ልክ በላይ የሆነበትን ቦታ ብቻ ይሥላል። ከዚያ በታች የሆነውን ባዶ ይተወዋል። ቀዳዳ የመሰለሽ ያ ባዶ ቦታ ነው። የልጁ አንጎል አልተበሳም።

እንዲህ ስል ግን መጠጥ ልጅን አይጎዳም ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኤንካንዳ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤቱ ከ12 እስከ 21 ዓመት የሆኑ 483 ልጆች ነበሩበት። ገና መጠጥ ሳይጀምሩ፣ ወይም እምብዛም ሳይጠጡ፣ አንጎላቸው በኤም አር አይ ተነሳ። ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላም እንደገና ተነሱ። በመሃል 62ቱ ከባድ ጠጪ ሆነዋል። በዚህ ዕድሜ የአንጎል ግራጫው ክፍል በተፈጥሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ የማያስፈልገው ይቀነሳል። በከባድ ጠጪዎቹ ግን ግንባር አካባቢ ያለው ፈጥኖ ሳሳ። ግንባር አካባቢ ያለው እኮ «ቆይ እስቲ» የሚያሰኘን ክፍል ነው። እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው።

ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 10,000 በሚጠጉ ልጆች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ወጣ። ልጆቹ የተነሱት በ9 እና በ11 ዓመት መካከል ሳሉ ነው። 15 ሳይሞላቸው መጠጥ፣ ሲጋራ ወይም ካናቢስ የጀመሩት አንጎላቸው ከሌሎቹ ትንሽ ይለያል። ልዩነቱ ደግሞ ምንም ሳይቀምሱ በፊትም ነበር። ስለዚህ የታየውን ልዩነት ሁሉ መጠጡ ነው ያመጣው ማለት አይቻልም።

ሁለቱም ጥናቶች የሚያወሩት ስለ ብዙ ልጆች አማካይ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ነው፣ በኮምፒውተር ተለክቶ ነው የሚወጣው። የአንድ ልጅ ፎቶ ዓይተን «ይሄ ይጠጣል» ማለት አንችልም። ማንም አይችልም።

እኛ ጋ ሲመጣ የሚሆነውን ልንገርሽ። ስልኩን፣ ቀበቶውን፣ ማተቡ ላይ ያለውን ብረት መስቀል ያወልቃል። ጆሮው ይደፈናል፣ ጭንቅላቱ መያዣው ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ይጮኻል፣ እሱ እንዳይነቃነቅ እንለምናለን። ከዚያ ራዲዮሎጂስቱ ያየውና «ኖርማል» ብሎ ይጽፋል። እናት እልል ልትል ትደርሳለች። ልጁ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። አንዱማ እዚያው ኮሪደር ላይ «አላልኩሽም?» ሲላት ሰምቻለሁ። እኔን ያ ወረቀት ከቢራው በላይ ያስፈራኛል።

ይልቅ ብሩን ያዢና ልጁን ጠይቂው፤ ሳትጮኺ። ምን ይጠጣል? ጠላ ነው ወይስ አረቄ? ልዩነቱ ሰፊ ነው። በአንድ ምሽት ስንት? ከማን ጋር? ሲነጋ የማታውን ያስታውሳል? ሰው እያወራ እየሄደ ቆይቶ በነጋታው ምንም ካላስታወሰ፣ መጠጡ አንጎሉ ትዝታ እንዳይመዘግብ አድርጎታል ማለት ነው። ይሄ ከተደጋገመ ሥነ አእምሮ ክፍል ውሰጂውና የነገረሽን እንዳለ ንገሪያቸው። «ዝክር ላይ ስንት ልጅ ጠላ ይጠጣ የለም እንዴ» የሚሉሽ ይኖራሉ። በዝክር አንድ ኩባያ ጠላና ጣና ዳር ተቀምጦ ጠርሙስ ማዞር አንድ አይደሉም፣ ምንም እንኳ ለልጅ ሁለቱም ቢቀሩ ብመርጥም።

ግሮሰሪውንም አትርሺው። በአዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። ባለቤቱን ሄደሽ አናግሪው፤ ብቻሽን ከከበደሽ የሰፈር ሰው አስከትለሽ።

ምርመራ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ሰክሮ ከባጃጅ ከወደቀ፣ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ ጎኑ ከደከመ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበና ስካሩ ሲለቀውም ካልተመለሰ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለአደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ሲቲ ስካን ነው። ጠጥቶ ተኝቶ አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ደግሞ በጎኑ አስተኚውና ሳትጠብቂ አድርሺው። «ይተኛ፣ ይለቀዋል» የሚልሽን አትስሚ።